አስተዳዳሪው አልፈቀደም

አቶ ቀለመወርቅ በካዛንቺስ እድራቸው ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የሙታንን የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አባል ሲያርፍ ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል። እሳቸው ደግሞ ከቤተሰቡ ልቡ የጸና አንድ ሰው ለይተው ወደ ጓሮ ይወስዱና በትንሽ ደብተር እየጻፉ ይጠይቃሉ። የት ተወለደ? እናቱ ማን ይባላሉ? የት የት ሠራ? ከዚያ ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጀማነሽ ያነቡላቸዋል፤ ወይዘሮ ጀማነሽ ይተይባሉ። ፍትሐቱ አልቆ ሕዝቡ ዝም ሲል መቃብሩ አጠገብ የሚነበበው ያ ወረቀት ነው።

ወይዘሮ ጀማነሽ ታይፒስት ነበሩ። ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በአንድ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ነው፤ አንደኛው መዝገብ ቤት፣ ሁለተኛዋ ከፎቁ ላይ ከጽሕፈት መኪናው ጋር። በ1997 አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዙ። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በአንድ ሲዲ ነበር የመጣው፤ ያኔ ቢሮ ሁሉ በእሱ ይጽፍ ነበር። በኋላ ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ የኮምፒውተር ፊደል ሲዞር ወይዘሮ ጀማነሽ እንቢ አሉ። "ጣቴ የሚያውቀው ይኼንን ነው" አሉ፤ በዚያው ቀሩ።

ሲሠሩ ጸጥ ብለው አልነበረም።

"ለዚህኛውም 'ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ' ልበል?" ይሉ ነበር ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ መስታወት ሳያነሱ።

"በይ እንጂ።"

"ኧረ ይኼ ሰውዬ ለማን ነው የደረሰው? እኔ የማውቀው የጎረቤቱን ዶሮ በድንጋይ ሲያባርር ነው።"

"ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም፣ ጀማነሽ።"

"እሺ። 'ለዶሮም ደራሽ' ብዬ ልጨምርለት?"

አቶ ቀለመወርቅ ይቆጣሉ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ፊታቸውን አዙረው ይስቃሉ።

ሰፈሩ ሲፈርስ እድርተኛው ተበተነ፤ ከፊሉ ገላን፣ ከፊሉ አራብሳ ደረሰው። ባልና ሚስቱ ሰንጋ ተራ፣ ልጃቸው ዮርዲ ወደምትኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ። ኮምፒውተሩም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አብሮ ገባ። ዓመት ሳይሞላ ወይዘሮ ጀማነሽን ሕመም ጣላቸው።

አንድ ቀን አልጋቸው ላይ ተደግፈው "የኔን ራሴ ልጻፈው" አሉ።

"ምኑን?"

"የሕይወት ታሪኬን ነዋ። አንተ ከጻፍከው ሰው አክባሪ ትለኛለህ።"

"በቁም አይጻፍም። ሟርት ነው" አሉ አቶ ቀለመወርቅ። የመቶ ሰባ ሰው ሞት የጻፈ እጅ በዚህ ነገር ይፈራል ብሎ የሚያስብ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ፈሩ። ብድግ ብለው መስኮቱን ሊዘጉ ሄዱ።

ወይዘሮ ጀማነሽ አልተከራከሩም። ባላቸው እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲሄዱ እየተነሱ ጻፉት። ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው የተናገሩት። "ከሌሎቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ለሰው አንብበው። አንዲት ቃል እንዳትጨምርበት።" አቶ ቀለመወርቅ እንዳልሰማ ሰው ብርድ ልብሱን በሚስታቸው እግር ላይ አስተካከሉ። እሺ አላሉም።

የቀብሩ ዕለት የሚጽፍ ሰው ጠፋ። አቶ ቀለመወርቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ማሰር አቅቷቸው ነበር። የእድሩ ዳኛ አቶ ዳባ ከድሮዎቹ ወረቀቶች አንዱን አውጥተው፣ ስሙን ለውጠው፣ እንደምንም አነበቡ። "ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ የአንዲት ሴት ልጅ እናት የነበሩት" አሉ።

የአንዲት ሴት ልጅ እናት። ከዮርዲ በፊት ወንዱ ልጃቸው ኪዱ ነበር። በስምንት ዓመቱ፣ በ1983፣ በሁለት ቀን ትኩሳት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስሙ በቤቱ አልተጠራም። ማንም አልከለከለም፤ እንዲሁ ዝም ተባለ። አቶ ዳባም አያውቁም፤ ወደ ሰፈሩ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አቶ ቀለመወርቅ መቃብሩ አጠገብ ቆመው ሰሙ፤ ማረም ግን አልቻሉም።

በሠልስቱ አቶ ዳባን ድንኳኑ ውስጥ አስጠግተው "ለአርባዋ የራሷን አነባለሁ። ጽፋዋለች" አሉ።

"ራሷ?" አሉ አቶ ዳባ። "ይሁን። ለእድርተኛው እናገራለሁ።"

ፋይሉን ለመክፈት ግን ቀን በቀን አዘገዩት። ወንበሩ ላይ አሁንም የእሷ ትራስ ነበረ። በአሥራ አምስተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ወጣና ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ለገሃር አጠገብ ያለው ጠጋኝ ማሽኑ እንዳለቀለት ነገራቸው፤ ሆኖም ጽሑፎቹን ከውስጡ አውጥቶ በአንዲት ፍላሽ ሰጣቸው። አቶ ቀለመወርቅ አመስግነው፣ ፍላሿን በመሐረብ ቋጥረው በደረት ኪሳቸው ይዘው መጡ።

ያን ዕለት ማታ ዮርዲ የቢሮዋን ላፕቶፕ ከፈተች። የመቶ ሰባው ሰው ስም በላቲን ፊደል ተደርድሯል። መሐል ላይ ጀማነሽ አለ። ስትከፍተው ገጹ በማይታወቅ ምልክት ተሞላ፤ ሰረዝ፣ ቅንፍ፣ ላዩ ላይ ነጥብ ያለበት የፈረንጅ ፊደል፣ የገንዘብ ምልክት።

"ተበላሽቷል?" አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

"አልተበላሸም አባዬ። የእማዬ ፕሮግራም ስለሌለው ነው። እሱ ከተጫነ አማርኛ ይሆናል።"

"እንግዲያው ጫኚው። ሲዲው አለ።" ከመሳቢያ አወጡት። የወረቀት ኮሮጆው ላይ በወይዘሮ ጀማነሽ እጅ "አይጣል" ተብሎ ተጽፎበታል።

ላፕቶፑ ግን ሲዲ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። በማግሥቱ ዮርዲ ሲዲውንና ፍላሿን ወደ ቢሮዋ ይዛ ሄደች፤ ካዛንቺስ ነው ቢሮዋ፣ የውጭ ድርጅት። የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሳላሀዲን ከመጋዘን አሮጌ የሲዲ ማንበቢያ ፈልጎ፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ፣ በአራተኛው ፕሮግራሙን ወደ ፍላሿ ገለበጠላት። "ይቺን እንዳትጥሏት" አለ። "ሲዲው ተላልጧል፤ ሁለተኛ የሚያነብ አይመስለኝም።"

ማታ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዮርዲ ጫን የሚለውን ነካች። መስታወቱ ጨለም አለና መሐሉ ላይ ሰማያዊ ሳጥን መጣ። አቶ ቀለመወርቅ እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ቢሆንም ልጃቸው እንድትነግራቸው ጠበቁ።

"'ይህን ፕሮግራም አስተዳዳሪዎ አግዶታል' ይላል።"

"አስተዳዳሪው ማነው?"

"ቢሮው ነው አባዬ። ማለቴ፣ እዚህ ላፕቶፕ ላይ እኔ ምንም መጫን አልችልም። ለደኅንነት ተብሎ ነው።"

"ከማን ነው የሚጠብቁን?"

"ከቫይረስ፣ ከሌባ፣ እንጃ።"

"የእናትሽ ጽሑፍ ነው እኮ በያቸው።"

ዮርዲ እንደገና ነካችው። ያው ሳጥን መጣ። ፊደሎቹን ብቻ ለመጫን ሞከረች፤ ያው። የድሮውን ጽሑፍ ወደ አዲሱ ፊደል የሚቀይር ድረ ገጽ አለ ሲባል ሰምታ ከፈተች፤ ይህ ገጽ ታግዷል አለ። ያንኑ ገጽ በስልኳ ከፍታ ጽሑፉን ስትሰጠው ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ተደረደረ።

"ነገ ሳላሀዲንን ራሴ አነጋግረዋለሁ" አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

በማግሥቱ ለአርባው ዘጠኝ ቀን ቀርቶ ነበር።

ሳላሀዲን በቢሮው በር ላይ ተቀበላቸው። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ ሻይ አስመጣላቸው። አጭር ጢም ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

"ጋሼ፣ እግዜር ያጥናዎት። ዮርዲ ነግራኛለች። ቢሆን ኖሮ አሁኑኑ አደርገው ነበር።"

"ቁልፉ አንተ ጋ አይደለም?"

"ድሮ እኛ ጋ ነበር። አሁን ሁሉም በዋናው ቢሮ ነው፤ ናይሮቢ። የኔም ኮምፒውተር ያው ነው፤ እኔም አስፈቅጄ ነው የምጭነው።" ይህን ሲል አፍሮ ፈገግ አለ። "ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል። ቅጽ አለው።"

ቅጹ ማሽኑ ላይ ነበር። የፕሮግራሙ ስም። ያመረተው ድርጅት። የፈቃድ ቁጥር። ለሥራው ያለው አስፈላጊነት። አቶ ቀለመወርቅ መነጽራቸውን አድርገው የመጨረሻውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ለሥራ አይደለም" አሉ።

"እንደምንም ለሥራ ነው እንበል፣ ጋሼ።"

"ውሸት አይጻፍም። አንድ ጊዜ ፋይል ውስጥ የገባ አይወጣም።" ቀጥለውም "እኔ መዝገብ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ" አሉ። "ያለ ደብዳቤ አንድ ወረቀት አላወጣሁም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት መጣች፤ ባሏ ሞቶባታል። ከፋይሉ ላይ ፎቶውን ብቻ ስጠኝ አለችኝ። ሌላ ፎቶ የለኝም አለች።"

"እና?"

"ደብዳቤ አምጪ አልኳት።"

"አመጣች?"

አቶ ቀለመወርቅ ሻዩን አነሱ፤ ሳይጠጡት መለሱት። "አላስታውስም።"

በመጨረሻ "አስፈላጊነቱ" በሚለው ላይ ሳላሀዲን በእንግሊዝኛ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ የሠራተኛዋ ሟች እናት የጻፉትን ሰነድ ለማንበብ። አቶ ቀለመወርቅ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ነው፤ ይለፍ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነበር። በየቀኑ ዮርዲ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ የጫማዋን ድምፅ ይለዩና በር ይከፍታሉ። "መልስ መጣ?" "አልመጣም አባዬ።" ሦስት ቀን። አምስት ቀን። ደብዳቤ አምጪ ያሏት ሴትዮ ትዝ ትላቸዋለች፤ ፊቷን ግን ሊያገኙት አልቻሉም። ነጠላዋ ብቻ ነው የሚታያቸው፣ ጥለቱ አረንጓዴ።

ዓርብ ከሰዓት ዮርዲ ደወለች። ድምፅዋን ሲሰሙ ገባቸው።

"'ፕሮግራሙ ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ጥያቄው ተዘግቷል' ይላል።"

"ማን ፈረመው?"

"ፊርማ የለውም አባዬ። ማሽን ነው የሚመልሰው።"

"እሺ" አሉ። ስልኩን ዘጉ። በእሳቸው ጊዜ እንኳ እንቢ የሚል ሰው ፊርማውን ያኖር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ብቻቸውን ወጡ። ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ሰፈር ጠርዝ ላይ የተረፈች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ሰገን ትባላለች፤ ድሮ ለእድሩ ወረቀት የምታባዛ እሷ ነበረች።

"ውይ አባባ!" ብላ ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣች። "እትዬ ጀማነሽን ሳልቀብራቸው ቀረሁ፤ አልሰማሁም፤ ሰው ሁሉ ተበታትኖ ማን ይንገረኝ? በሞቴ ይቀመጡ።"

ነገሩን አስረዷት። ፍላሿን ከመሐረቡ ፈቱ።

"የድሮው ፕሮግራም? ኧረ እኔም በእሱ ነው የተማርኩት! ይሄማ ቀላል ነው፣ አሁን እንጭነዋለን" አለች ሰገን፤ አቶ ቀለመወርቅም ከስንት ቀን በኋላ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ።

ፍላሿ ገባች። ከማሽኑ ቲን የሚል ድምፅ ወጣ። ከታች በቀኝ በኩል ትንሽ ቀይ ማስታወቂያ ብቅ ብላ ጠፋች።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

"ጸረ ቫይረሱ ነው፣ ሁሌ እንዲህ ይላል።" ሰገን የፍላሿን ውስጥ ከፈተች። ወደ ታች አወረደች፤ ወደ ላይ መለሰች። "አባባ፣ ፕሮግራሙ በየትኛው ፎልደር ነው ያለው?"

"እዚያው ነው። ሳላሀዲን እዚያው ነው ያደረገው።"

ሰገን ማስታወቂያዋን ፈልጋ አወጣቻት። ስጋት ተገኝቷል፤ ተወግዷል። ፊቷ ተለዋወጠ። "እኔ ምንም አልነካሁም! በእናቴ፣ ምንም አልነካሁም፤ ራሱ ነው የሰረዘው።"

"መልሺው።"

"መመለሻው በይለፍ ቃል ነው። ማሽኑን ያዘጋጀልኝ ልጅ ነው የሚያውቀው፤ እሱ ደግሞ ዱባይ ነው ያለው። ቆይ ልደውልለት።" ደወለች። ጠራ፤ አልተነሳም። እንደገና ደወለች። እንደገና። በድምፅ መልእክት ላከች፤ "ወንድሜ በናትህ፣ የሞተ ሰው ጉዳይ ነው" አለች።

አቶ ቀለመወርቅ አልተናደዱባትም። ለመናደድ እንኳ ሰው ያስፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ ማንም የለም። ዶሴውን የያዘ ማሽን፣ የከለከለ ማሽን፣ አሁን ደግሞ የሰረዘ ማሽን።

"ጽሑፏስ? እሱንም ሰረዘው?"

"ጽሑፉ አለ። ይኸው።" ሰገን ከፈተችው። ያው ሰረዝ፣ ያው ቅንፍ፣ ያው ነጥብ። አቶ ቀለመወርቅ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ። በቤታቸው ሲያዩት ምልክቱ ብቻ ነበር ዓይናቸውን የሞላው። አሁን በመጀመሪያው መስመር መጨረሻ፣ በምልክቶቹ መሐል፣ አንድ የሚያውቁት ነገር ቆሞ አዩ። 1950።

"ቁጥሩ አልተለወጠም" አሉ።

"አዎ፣ ቁጥር በየትኛውም ያው ነው አባባ።"

"አትሚልኝ።"

ሁለት ገጽ ነበር። ሰገን ሂሳብ አልቀበልም አለች። እስከ መንገዱ ድረስ ሸኝታቸው፣ ልጁ ከደወለ እንደምትነግራቸው ማለችላቸው። አልደወለም።

ያን ከሰዓት በኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በእርሳስ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከበቡ። 1950፣ የተወለደችበት። 1969፣ የተቀጠረችበት። 1973፣ የተጋቡበት። 1975፣ ወንዱ ልጅ የተወለደበት። 1979፣ ዮርዲ የተወለደችበት። ከዚያ 1983። ከሁለት መስመር በኋላ እንደገና 1983። ከአራት መስመር በኋላ አሁንም 1983። እርሳሱን አስቀመጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት በአፏ ያልወጣውን ነገር ሦስት ጊዜ ጽፋዋለች፤ በዙሪያው ያለችውን ግን አንዲት ቃል ማንበብ አይችሉም። ዮርዲ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ወረቀቱን ከጀርባቸው ሆና አየችው። ቁጥሮቹን አየች። የታጠበውን አንሶላ እንደያዘች ተመልሳ ገባች።

መጨረሻ ላይ 2010፣ ጡረታዋ፤ 2017፣ ሰፈሩ የፈረሰበት። ከሦስቱ 1983 በኋላ ግን አንድ ያልገባቸው ቁጥር ነበረ። 1994።

አቶ ቀለመወርቅ አሰቡ። ሥራ ያኔም ያው ነበር፤ ቤቱም ያው። ዮርዲ ትምህርት ቤት ነበረች። የታመመ ሰው አልነበረም፤ የሞተም የለም። ከእሷ ጋር በአንድ አልጋ እየተኙ፣ በአንድ ትሪ እየበሉ ያለፈ ዓመት ነው። ምንም አላገኙበትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ። ከገላንም፣ ከአራብሳም የመጣ አለ፤ ሁለት ታክሲ ለውጠው የመጡ አሮጊቶች እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጸበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ አቶ ዳባ ተነሱ።

"ወይዘሮ ጀማነሽ የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ራሳቸው ጽፈውልናል። አቶ ቀለመወርቅ ያነቡልናል።"

"ወይ ጀማነሽ! ሞታም አላረፈች" አለ አንድ ሰው፤ ቤቱ በቀስታ ሳቀ።

አቶ ቀለመወርቅ ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ዘረጉ።

"አልተከፈተም" አሉ። "ጽሑፉ አለ፤ ማንበቢያው ጠፋ። የሚነበበው ቁጥሩ ብቻ ነው። አንዲት ቃል እንዳትጨምር ብላኛለች፤ ስለዚህ አልጨምርም።"

 አንድ አንዱ ያልገባው ጎረቤቱን በክንዱ ነካ አደረገ።

"1950" ብለው አነበቡ። "1969። 1973። 1975።" እዚህ ላይ ለአፍታ ቆሙ። "1979። 1983።" ወረቀቱን ጠበቅ አድርገው ያዙት። "1983። 1983።"

እትዬ ቡዜ፣ ከድሮው ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ ይኖሩ የነበሩት፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ያንን ዓመት የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። "ኪዱ" አሉ በለሆሳስ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ዮርዲ ሰማች፤ አባቷም ሰሙ።

"1994" አሉ አቶ ቀለመወርቅ። ከዚያ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አነሱ። "ይኼን የሚያውቅ ሰው አለ? በ94 ጀማነሽ ምን ሆነች?"

ተያዩ።

"ጣራው በዝናብ የወረደበት?" አሉ እትዬ ቡዜ።

"እሱ 96 ነው።"

"እንግዲያው እኔም እንጃ።"

"ሥራ ላይ የሆነ ነገር ይሆናል፣ እድገት ምናምን" አሉ አቶ ዳባ።

"እድገት አላገኘችም።"

 አቶ ቀለመወርቅ የእያንዳንዱን ፊት በተራ እያዩ ጠበቁ፤ እስከ መጨረሻው አግዳሚ ድረስ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ።

"2010። 2017።" ሁለተኛውን ገጽ ገለጡ። አልተቀመጡም። ጣታቸውን ከላይ አንሥተው መስመር በመስመር እያወረዱ በከንፈራቸው ቆጠሩ።

"ከዚህ በኋላ አሥራ አንድ መስመር አለ" አሉ። "ቁጥር የለበትም።"

ወረቀቱን በሁለት አጥፈው ተቀመጡ።